የሁዳዴ ወተት

ባለቤቴ ከሥራ ሲመለስ ወተት ወተት ይሸት ነበር። መጋዘን ሲውል የዱቄት ወተት ብናኝ ኮቱ ላይ፣ ቅንድቡ ላይ፣ የጫማው ስፌት ውስጥ ሳይቀር ገብቶ ይመጣል። በፍስኩ ወራት ይህን ከቁም ነገር የሚቆጥረው አልነበረም። ሁዳዴ ሲገባ ግን እናቱ ደጃፍ ላይ ቆመው ይጠብቁታል።

«እዚያው ቁም! ኮትህን አራግፍ!»

«እማዬ፣ አቧራ እኮ ነው።»

«አቧራ ከሆነ ከንፈርህን ምን ያስልስሃል? አየሁህ እኮ!»

እሱ እየሳቀ ኮቱን ያወልቅና ግቢያችን ውስጥ ካለው ባሕር ዛፍ ግንድ ጋር ያላትመዋል። ነጭ ብናኝ ይነሣል። አማቴ ደግሞ ብናኙ ወደ ቤት እንዳይገባ በነጠላቸው ጫፍ ወደ ውጭ ያራግቡታል።

ኮቱ ዛሬም ከበሩ ኋላ እንደ ተሰቀለ ነው። ባለቤቴ ካረፈ ዓመት ሊሞላው ነው። አንዳንድ ቀን ፊቴን እቀብርበታለሁ፤ የወተቱ ሽታ ግን ከለቀቀው ቆይቷል።

ለቅሶ ሊደርሱ የመጡት የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ስለ እሱ ብዙ መልካም ነገር ተናገሩ። ከስንት አገር የተላከ እህል በእጁ እንዳለፈ፣ አንድ ጆንያ እንኳ ሳይጎድልበት ለስንት አውራጃ እንዳደረሰ አወሩ። ሁሉም እውነት ነው። እኔ ግን ጥግ ተቀምጬ ሳዳምጥ አንዲት ድስት ትዝ አለችኝ። እሷን ያነሣ ሰው አልነበረም፤ እንዴት ያንሷት፣ አያውቋትም። ስለዚህ እኔ ልጻፋት ብዬ ጀመርሁ። ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው። አንዳንድ ቀን አንድ ዐረፍተ ነገር ጽፌ ብዕሩን አስቀምጣለሁ፤ ሲመሽ ደግሞ ያንኑ አነበዋለሁ።

ቤታችን ከቀበና ወንዝ ተሻግሮ ወደ የካ በሚወጣው ዳገት ላይ ነው። ከእኛ በታች ሱቆቹና ድልድዩ አሉ። ከእኛ በላይ ጎጆዎቹ እየሳሱ ይሄዱና ከእንጦጦ የሚወርደው የባሕር ዛፍ ጫካ ይጀምራል። ጎህ ሲቀድ እንጨት ለቃሚ ሴቶች ገመዳቸውን ወገባቸው ላይ ጠምጥመው ወደ ላይ ይወጣሉ። ከሰዓት በኋላ ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው፣ ከሸክሙ በታች እግራቸው ብቻ እየታየ ይወርዳሉ። እኛ ልጅ አልነበረንም። ቤቱ ውስጥ የነበርነው እሱ፣ እኔና አማቴ ነን።

የእሱ ሥራ ከውጭ አገር በእርዳታ የሚመጣውን ምግብ ተረክቦ ማስቀመጥና ማከፋፈል ነበር። ማታ እግሩን ለብ ባለ ውኃ እየታጠበ የወተቱን መንገድ ያወራልኛል።

«አስቢው እስቲ» ይለኛል። «አንድ ገበሬ፣ ብርድ አገር ያለ፣ ላሙን ያልባል። ልጁ ጠጥታ የተረፈው ይደርቅና ዱቄት ይሆናል። መርከብ ይሳፈራል። ጅቡቲ ይወርዳል። ባቡር ላይ ወጥቶ በረሃውን አቋርጦ ለገሃር ይደርሳል። ገበሬው የማንን ልጅ እንደሚያጠጣ አያውቅም፤ የምታጠጣዋም እናት የማን ላም እንደ ሆነች አታውቅም። መሀል ላይ ያለነው እኛ ካበላሸነው ግን ሁለቱም ይታዘቡናል።»

ወተቱ በመጀመሪያ ለእኛ ሰፈር የታሰበ አልነበረም። የሰፈሩን ሕፃናት እየተመላለሰች የምታይ አንዲት ነርስ ነበረች፤ ከሰሜን አውሮፓ የመጣች፣ ረጅም፣ ፀሐይ ሲነካት እንደ በርበሬ የምትቀላ። ሰው ሁሉ ሲስተር ይላታል። አማርኛዋ ገና ነበር፤ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነው የምትለው። አማቴን እንኳ ትከሻቸውን መታ መታ አድርጋ «አንተ ጎበዝ!» ብላቸው አንድ ሙሉ ቀን ሲያወሩት ዋሉ። እሷና ባለቤቴ አለቆቻቸውን ለምነው፣ ተመላልሰው፣ ወተቱ ለየካም እንዲደርስ አደረጉ።

የደረሰው የቅበላ ሰሞን ነበር። እናቶች ጣሳቸውን ይዘው ጤና ጣቢያው ደጃፍ ተሰለፉ። ባለቤቴ እንዴት እንደሚበጠበጥ በኦሮምኛም በአማርኛም አስረዳ። ሁሉም ተቀብለው፣ መርቀው ሄዱ። እሱ በደስታ እራቱን እንኳ በወጉ አልበላም።

ሁዳዴ ገባ። ሰነበተ። ሲስተር ሕፃናቱን እየመዘነች ፊቷ እየጠቆረ መጣ። ወተቱ ይወሰዳል፤ ሕፃናቱ ግን ምንም ለውጥ የላቸውም። ከሁሉ የከፋችው የአንዲት እንጨት ለቃሚ ልጅ ነበረች። ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው። ጡት ከጣለች ወዲህ እግሯና ፊቷ አብጧል፣ ጸጉሯ ሳስቶ ቀላ ብሏል። አትስቅም፣ አትጫወትም፤ ዝንብ ዓይኗ ላይ ሲያርፍ እንኳ አታባርርም።

አንድ ቀን ሲስተር ቤት ለቤት እንሂድ አለች። ባለቤቴ ሊያስተረጉም፣ እኔ ደግሞ ሴቶቹ ለወንድ ሁሉን አይነግሩም ተብዬ ተከተልሁ። እንጨት ለቃሚዋ ቤት ስንደርስ ከጫካ ገና መመለሷ ነበር፤ ሸክሟን ደጃፍ አሳርፋ ትከሻዋን ታሻለች። ልጅቱ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። ሲስተር ጎንበስ ብላ ገብታ ቀና ስትል ከጣሪያው ማገር ላይ አንድ ጨርቅ ተቋጥሮ ተንጠልጥሎ አየች። ፈታችው። ወተቱ ነው። የጎጆው እርጥበት አግኝቶት ድንጋይ ሆኗል።

ሲስተር በቋንቋዋ ብዙ ተናገረች። ባለቤቴ የተወሰነውን ዋጠውና የቀረውን በቀስታ አለ፤ «ልትሸጪው አስበሽ ነው ወይ ትላለች።»

ሴትዮዋ ተቆጣች። «ለመሸጥ ብፈልግ ጣሪያ ላይ ለምን አንጠለጥለዋለሁ? ገበያው እዚያ ነው!»

«ታዲያ ለምን አስቀመጥሽው?»

«ለፋሲካ።»

ባለቤቴ ተረጎመ። ሲስተር ልጅቱን አየቻት፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አንድ ነገር ተናገረች። ይህን ባለቤቴ አልተረጎመውም። መተርጎም አላስፈለገውም፤ እናትየው ከፊቷ አንብባዋለች። ልጅቱ ለፋሲካ አትደርስም ነው ያለችው።

እኔ ያን ጊዜ ምድጃውን አየሁ። አንዲት ድስት ተጥዳለች፤ ሽሮ ናት። ዞር ዞር ብዬ ሌላ ፈለግሁ። ሌላ ድስት አልነበረም።

«ልጅቱ እኮ ሕፃን ናት» አልኋት። «አትጾምም።»

«ልጅቱማ አትጾምም፣ እትዬ» አለችኝ፤ እንባዋ መጣ። «ድስቱ ነው የሚጾመው።»

አገሬን ለሚያውቅ ሰው ይህን ማብራራት አያስፈልግም፤ ለሲስተር ግን አስፈልጓት ነበር። እኛ ቤት የፍስክ ዕቃና የጾም ዕቃ ለየብቻ ነው። ቅበላ ሲያልቅ የፍስኩ ታጥቦ፣ ታጥኖ፣ ተከድኖ ይቀመጣል። የአንድ ድስት ቤት ግን ምን ያድርግ? ወተት ካፈላበት ሽሮውን በምን ይሠራል? ባልየው ይጾማል፣ እሷ ትጾማለች፣ ትልልቆቹ ልጆች ይጾማሉ። ባለቤቴ ይህን ሁሉ ሲያስረዳ ሲስተር ሁለት ጊዜ አስደገመችው። ከዚያ ሌሎቹን ቤቶች አየን። አንዷ እንስራ ውስጥ ከድናዋለች፣ አንዷ ሳጥን ውስጥ ቆልፋበታለች። ሁሉም ለፋሲካ ነው።

ወደ ቤት ስንወርድ ባለቤቴ ድልድዩን ወደሚያሳየው መታጠፊያ ስንደርስ ቆመ።

«ባሕሩን ተሻገረ» አለ። «በረሃውን ተሻገረ። ከደጃፏ እስከ ልጅቷ አፍ ያለችው መንገድ ናት ያቃተችን።»

የሲስተር አለቃ ወተቱ ጥቅም ላይ ካልዋለ ከፋሲካ በኋላ ወደ ሌላ ሰፈር ይዞራል ብሎ ነበርና ያም አስጨነቀው። እኔን ግን የያዘኝ ሌላ ነው። ስንወጣ እናትየው እጄን ይዛ ያለችኝ ከጆሮዬ አልወጣ አለ። «ለመጾም ትድረስልኝ እንጂ፣ እትዬ፣ ሌላ አልመኝም።» ሰባት ዓመት ሞልቷት ጾም ትጀምርልኝ ማለቷ ነው። ሰው ለልጁ ሹመት ይመኛል፣ ሀብት ይመኛል። እሷ የተመኘችው ልጇ እንድትራብ የምትፈቅድበትን ዕድሜ ነው።

ድስት ገዝቼ ልስጣት ብዬ አስቤ ነበር። ግን ድስት ብቻውን ምን ይሠራል፤ እሷ ጎህ ሲቀድ እንጦጦ ትወጣለች፣ ከሰዓት ነው የምትመለሰው። ቀን ማን አፍልቶ ያጠጣላታል? የሌሎቹም እንደዚያው ነው። አንድ ቦታ፣ አንድ ድስት፣ ቀን ቀን የሚነድ እሳት ያስፈልጋል። በእኛ ቤት ይሁን ብዬ ለአማቴ አነሣሁ።

«በሁዳዴ? እዚህ ቤት?» አሉ።

«ለሕፃናት እኮ ነው፣ እማዬ።»

«ሕፃናቱን ምን አደረግኋቸው? ይጠጡ! የእኔ ምድጃ ላይ ግን አይፈላም። ዕድሜዬን ሙሉ ያልሆነ ነገር በእርጅናዬ አልጀምርም።»

ባለቤቴ አፉን ሊከፍት ሲል «አንተ ደግሞ ኮትህን አራግፍ!» አሉት። ነገሩ በዚያ ተዘጋ።

በማግስቱ ጨው ልገዛ ከድልድዩ አጠገብ ወዳለው ሱቅ ወረድሁ። ባለሱቁ ከወሎ የመጣ ሙስሊም ነው፤ ሚስቱ ከእኔ ጋር እኩያ ናት፣ ውኃ ስንቀዳ ነው የተዋወቅነው። የዚያ ዓመት ረመዳንና ሁዳዴ ተገጣጥመው ነበር። ሁለታችንም ከንፈራችን ደርቆ ተቀምጠን ነገሩን አጫወትኋት። ሰምታ ሳትጨርስ፣

«እዚህ አፍሉት» አለችኝ።

«እዚህ የት?»

«እኔ ምድጃ ላይ ነዋ!»

«አንቺ ደግሞ! ረመዳን አይደለም እንዴ?»

«ረመዳን የያዘው እኔን ነው፤ ምድጃዬን አልያዘውም። ቀን ሥራ ፈትቶ ነው የሚውለው፤ እሳት የሚያየው ልናፈጥር ስንል ነው።» ከዚያ ሳቋን አቋረጠችና ድስቷን ተመለከተች። «ይህ ግን አይሆንም። የእኛን ሥጋ ያውቃል፤ እናቶቹ አይወዱም። አዲስ ግዙ።»

እኔ ልናገረው የፈራሁትን ራሷ ተናገረችልኝ። ለዚህ ነገሯ እስከ ዛሬ አከብራታለሁ።

ከቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች ትልቅ ድስት ገዛን። አሟሸናት። ባለቤቴ ዙሪያዋን አንኳኩቶ ድምፅዋን ካዳመጠ በኋላ «ጥሩ ናት፤ ገና ሃይማኖት አልያዘችም» አለ። እናቶቹን አንድ በአንድ አነጋገርን። አንዳንዶቹ አንገታቸውን ነቀነቁ፣ አንዳንዶቹ ወይ ጉድ አሉ። እንጨት ለቃሚዋ ግን፣

«እሳት እሳት ነው» አለች። «እንጨቱን የማመጣው እኔ አይደለሁ? የእኔ እንጨት ነው የሚነደው።»

ደግሞም እውነቷን ነበር፤ ባለሱቁ እንጨት የሚገዛው ከእሷ ነው።

አማቴ ነገሩን ሲሰሙ ቀኑን ሙሉ አጉረመረሙ። «የክርስቲያን ልጅ ወተት በእስላም ምድጃ! ምን ዘመን መጣ!» በማግስቱ ማለዳ ልወጣ ስል ግን ከበሩ አጠገብ አንድ ቁና ተቀምጦ አገኘሁ። የተቆላ የገብስ ዱቄት ነው፤ ራሳቸው ነፍተው ያዘጋጁት።

«ምንድን ነው፣ እማዬ?»

«ወተት ብቻውን ሆድ ያስጮኻል። አጥሚት አድርጉት» አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

የመጀመሪያውን ቀን አልረሳውም። ባለሱቋ እሳቱን ታነዳለች፣ እኔ አማስላለሁ። ወተቱንና የገብሱን ዱቄት በጠበጥን፤ እየወፈረ፣ እየተንተከተከ መጣ። መልኩ ያማረ ነው። ሕፃናቱ ታላላቆቻቸው አዝለዋቸው፣ አንዳንዶቹም በአያቶቻቸው ተይዘው ግቢውን ሞሉት። ሲስተር ወረቀቷን ይዛ ቆማለች። ኩባያ ተሰጠ። የመጀመሪያው ልጅ አንድ ጊዜ ጎንጨት አለና ፊቱን አጨማዶ ተፋው። ሁለተኛው ተፋ። ሦስተኛዋ አለቀሰች። እንጨት ለቃሚዋ የዚያን ዕለት ጫካ ሳትሄድ ቀርታ ነበር፤ ልጇ ከንፈሯን ገጥማ ጭንቅላቷን አዞረች።

«ምን ጨመራችሁበት?» አለች አንዲት አያት።

«ምንም!» አልን ሁለታችንም በአንድ ድምፅ።

ሲስተር ጣቷን አጥቅሳ ቀመሰች። ዓይኗ ተጨፈነ። «ጨው!» አለች። «ብዙ! ብዙ ጨው!»

እኔና ባለሱቋ ተያየን።

«ጨው ጨመርሽ እንዴ?» አለችኝ።

«ቆንጥሬ ብቻ ነው። አንቺስ?»

«እኔማ... አንቺ የጨመርሽ አልመሰለኝም። አማሰልሽው እንጂ አልቀመስሽውም።»

«እንዴት እቀምሳለሁ፣ ሁዳዴ ነው! አንቺስ ብትቀምሽው?»

«ረመዳን ነዋ!»

እኔ ወተት አልቀምስ፣ እሷ ውኃ እንኳ አትቀምስ፤ በእጅ ልማድ ሁለታችንም ጨውን ጨምረን፣ ደግመን ለክፉ ቀን መጠባበቂያ ትንሽ አክለንበታል። ባለቤቴ ይህን ለሲስተር ሲተረጉም እሷ መሬት ላይ ቁጭ ብላ እስክታለቅስ ሳቀች። እናቶቹም መሳቅ ጀመሩ። «ሁለት ባለሙያ ተገናኝተው!» አለች ያቺው አያት። ሁለት ሃይማኖት ጾመው ሕፃናቱን በጨው ሊጨርሷቸው ነው ተባለ። ያፈላነውን ሁሉ ደፋነው።

ከዚያ በኋላ ሲስተር የድስቷ ቀማሽ ሆነች። ማለዳ ወደ ሥራዋ ከመግባቷ በፊት ብቅ ትላለች፣ ማንኪያዋን ከኪሷ ታወጣለች፣ ትቀምሳለች፤ «ትንሽ» ወይም «ጎበዝ» ትላለች። የሰፈሩ ልጆች ሲስተር ማለቱን ተዉና «ቀማሿ መጣች!» ማለት ጀመሩ። እሷ ለማትመጣበት ቀን ደግሞ ደንብ አወጣን፤ ጨው የሚነካው የባለሱቋ እጅ ብቻ እንዲሆን። ባለቤቴ «ከስንት አገር ጋር ተስማምተን ወተት አመጣን፤ በጨው ላይ ግን ውል መፈራረም ነበረብን» እያለ ይቀልድብን ነበር።

ሕፃናቱ ለመዱት። የእንጨት ለቃሚዋ ልጅ ግን ቀስ ነው የምትለው። በማንኪያ እየሰጠኋት፣ ግማሹ በአገጯ እየፈሰሰ፣ ግማሹን እየዋጠች ቆየች። ከዚያ አንድ ሳምንት ሲሆነው እብጠቷ መጉደል ጀመረ። ሲስተር መዘነቻት፤ ክብደቷ ቀንሷል። ሲስተር ደስታዋን መደበቅ አቃታት፤ እጇን አጨበጨበች። እብጠቱ ሲወርድ ክብደት እንደሚቀንስ፣ ይህ መልካም ምልክት እንደ ሆነ ለባለቤቴ ነገረችው። ግን እሱ ይህን ከመተርጎሙ በፊት እናትየው አይታለች። ልጇ ክሳቷ ወጥቶ፣ አጥንቷ ተቆጥሮ፣ ሚዛኑም ቀንሶ፣ ፈረንጇ እያጨበጨበች።

ልጇን አዝላ ሄደች። በማግስቱ አልመጣችም። በሣልስቱም አልመጣችም።

እኔ እንደዚያ የፈራሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። በወተቱ ድስት አፍ ላይ ቆሜ ልጆቹን ስቆጥር ያችን አንዲት ልጅ አጣና እንደገና እቆጥራለሁ። አንድ ኩባያ ሞላሁ፣ ከደንሁት፣ በነጠላዬ ይዤ ዳገቱን ወጣሁ። እናትየው ደጃፍ ላይ ልጇን አቅፋ ተቀምጣለች።

«አትምጪብኝ፣ እትዬ!» አለች ገና ስታየኝ። «ወፍራም ነበረች። እናንተ አከሳችኋት።»

«ወፍራም አልነበረችም። ውኃ ነበር የተሸከመችው። ውኃው ነው የወረደው።»

«አንቺ በምን ታውቂያለሽ? ልጅ ወልደሽ አታውቂ!»

ይህን ከተናገረች በኋላ ራሷ ደነገጠች። ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ባሕር ዛፉ ይንሿሿል። ኩባያውን የማሳርፍበት ቦታ ስላልነበረኝ ይዤው ቀረሁ። እንዲህ ተቀምጠን ሳለ ልጅቱ ጭንቅላቷን ከእናቷ ደረት ላይ አነሣች። አየችኝ። ከዚያ ኩባያውን አየች። እጇን ዘረጋች።

ዓይኗ ላይ ያረፈውን ዝንብ የማታባርር ልጅ እጇን ዘረጋች።

እኔም ኩባያውን ለእናትየው ሰጠኋት፤ ራሷ እንድታጠጣት። ልጅቱ በሁለት እጇ ይዛ፣ አፍንጫዋ ነጭ እስኪሆን ጠጣች። ባዶ ሲሆን ውስጡን አየችና ለእናቷ ዘረጋችላት።

«ጨምሪ» አለች።

ከዚያች ቀን ወዲያ ቀርታ አታውቅም።

ዒድ ሲደርስ ረመዳን ያልቃል፤ የባለሱቋ ምድጃም ቀን ቀን ሥራ ይይዛል። ፋሲካ ገና ነው። የት እንሂድ ብለን ስንጨነቅ ነበር። ማታ ለባለቤቴ ሳወራው አማቴ ከመደባቸው ላይ ሆነው ያዳምጣሉ። በማግስቱ ማለዳ ግቢ ስወጣ ሦስት ጉልቻ ተተክሎ አገኘሁ። ከቤት ራቅ ብሎ፣ ባለቤቴ ኮቱን ከሚያራግፍበት ዛፍ ሥር ነው።

«እዚያ የወተቱ ብናኝ ለምዷል» አሉ አማቴ። «ቤት ውስጥ ግን አይገባም!»

ባለሱቋ ድስቷን በራሷ ተሸክማ አመጣቻት። አማቴ በሩ ላይ ተቀበሏት፤ «ግቢ፣ ልጄ፣ ግቢ» አሏት። ጨው የመጨመሩ ሥልጣን ከእሷ እንዳይወሰድ ስለጠየቀችም በየማለዳው እየመጣች ቆንጥራ ትሄድ ነበር። ከዒዱ ወዲህ ጾሟን ፈትታለችና ጨምራ ለመቅመስም በቃች። ሲስተር ግን ሹመቴን አልለቅም አለች።

ፋሲካ መጣ። ወተቱ ከሰፈራችን አልዞረም። የሲስተር አለቃ ራሱ መጥቶ ግቢያችን ውስጥ ድስቷን አይቶ ሄደ። ከዚያ በኋላ ነገሩ እየሰፋ ሄዶ፣ በሌሎች ሰፈሮችም ወተቱን በየቤቱ ከመስጠት ይልቅ በአንድ ቦታ አፍልቶ ማጠጣት እንደ ተጀመረ ባለቤቴ እየመጣ ይነግረኝ ነበር። ሲስተር ወደ አገሯ ስትሄድ ከብዙ አገር ለተሰበሰቡ ባለሙያዎች ስለዚች ድስት እንዳወራች ሰምተናል። የጨውን ነገር ትንገራቸው አትንገራቸው አላውቅም። በኋላ ደግሞ የእኛና የውጭ ባለሙያዎች ተባብረው ከጥራጥሬ የሚፈጭ፣ ወተት የሌለበት የሕፃናት ምግብ እየሞከሩ እንደ ሆነ ሲሰማ ባለቤቴ ከደስታው ብዛት ተነሥቶ ተንጎራደደ። «አየሽ፣ አሁን ድስቱ መጾም ይችላል» አለኝ።

እሱ ረኃብ ይጠፋል ብሎ ያምን ነበር። አንድ አገር ብቻውን ያጠፋዋል ብሎ ግን አያምንም። እኔ ስለ አገሮች የማውቀው ጥቂት ነው። የማውቀው ያንን ወተት ነው፤ ያለበው ሰው፣ የጫነው ሰው፣ መጋዘን የጠበቀው ሰው፣ እንጨት የለቀመችው፣ እሳት ያነደደችው፣ ዱቄት የነፋችው፣ የቀመሰችው፤ አንዳቸው ቢጎድሉ ልጅቱ ኩባያ አይደርሳትም ነበር።

ድስቷ እኛው ቤት ቀረች። በየዓመቱ ሁዳዴ ሲገባ ለልጅቱና ለታናናሾቿ ከዛፉ ሥር እጥዳታለሁ። ባለቤቴ በነበረ ጊዜ አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ፣ መጋዘን ውስጥ ወተት ሲሸተው መዋሉ ሳይበቃው፣ ልጅቱ ስትጠጣ ያያታል።

ዘንድሮ ሁዳዴ የገባው ሐዘኔ ሳይወጣ ነው። ጥቁሬን እንደ ለበስሁ ድስቷን አወረድሁ፣ አጠብሁ፣ ዱቄቱን ነፋሁ። የማደርገው ከልማድ ነው እንጂ ልቤ አብሮኝ አልነበረም። ልጅቱ ከትምህርት ቤት ወጥታ ታናሿን አስከትላ በጓሮ በኩል ገባች፤ ረዝማለች፣ የፊት ጥርሷ ወልቋል፣ ጸጉሯ ጥቁርና ድፍን ነው። ኩባያውን ሞልቼ ሰጠኋት።

እጇን ወደ ኋላዋ ደበቀች።

«ምነው? አልጣፈጠም ብለሽ ፈራሽ?»

«አልጠጣም፣ እትዬ። ሰባት ሞላኝ እኮ። ጾመኛ ነኝ።»

ኩባያውን እንደ ያዝሁ ቆምሁ። ከቤት ውስጥ አማቴ ሰምተዋል። ልጃቸውን ከቀበሩ ወዲህ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን እንደ ድሮው ጮኹ።

«እስከ ስንት ሰዓት ነው የምትጾሚው?»

«እስከ ዘጠኝ!»

«ውሸታም! ነይ እስቲ፣ ከንፈርሽን አሳዪኝ!»

ልጅቱ ሮጣ ገብታ አፏን ከፍታ አሳየቻቸው። የእኔ ሳቅ ሳላስበው አመለጠኝ፤ ከወራት በኋላ የራሴን ሳቅ ስሰማ እንግዳ ሰው ግቢ የገባ መሰለኝ። ኩባያውን ለታናሿ ሰጠሁት። ለእሷ ሽሮ ሠርቼ ከደንሁ። ከዚያ እኔ፣ አማቴና ልጅቱ ሦስታችን በሩ ላይ ተቀምጠን፣ እሷ በየጊዜው እየተነሣች የዛፉን ጥላ እየለካች፣ ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን ጠበቅን።